ክላሱን ፓብሊክ ላድርግለት ወይስ ጓዳዬን ልዝጋ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ከረሙ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ታቦር ተራራ ስር ባለች ቢሮ አራት ሆነን ለገበሬ ማህበራት የቡና መረከቢያና የሂሳብ ፕሮግራም እንሰራለን፣ በጃቫኤፍኤክስ (በጃቫ ቋንቋ የስክሪን ፕሮግራም መሥሪያ)። ጃቫ የታይላንዱንም የጃፓኑንም የሂጅራውንም ካላንደር ይዞ የኛን ስላልያዘ የራሳችንን ቱልኪት፣ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን የስክሪን ዕቃ ስብስብ፣ ጻፍን፤ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ አለው፣ የብር መጻፊያ ሳጥን አለው፣ ስም ሲፈለግ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ የሚያይ መፈለጊያም አለው። አሁን ሦስት ፕሮግራም ላይ ገብቷል፣ አንዱን የሚሰሩት ይርጋለም ያሉ ልጆች ናቸው፣ የኛ ቢሮ አይደሉም፣ ጃሩን፣ ያለቀለትን የፕሮግራም ፋይል፣ ብቻ ነው የምንልክላቸው።

ጸቡ ምን መሰለዎት፣ ቴስት የሚሰራልን ልጅ የቀን መምረጫውን በአውቶማቲክ ልፈትሸው ብሎ ተነሳ፤ ግን የቀኗ ሴል፣ የወሩ ራስጌ፣ ብቅ የሚለው መስኮት፣ ሁሉም ፓኬጅ ፕራይቬት (በራሳቸው የኮድ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚታዩ) ስለሆኑ ከውጭ አይታዩትም። ሲቆጥራቸው 14 ክላስ (የኮድ ቁራጭ) ሆኑ። "ፓብሊክ የምትል አንድ ቃል ጻፊልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም" ይለኛል። እኔ ደሞ የውስጥ ነገር የውስጥ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። እሱም ተናዶ አሁን ከግራ ይሄን ያህል ፒክስል ከላይ ይሄን ያህል ፒክስል እያለ ነው የሚጫነው፣ ፎንት ሲቀየር ወይ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ቴስቱ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ሆነን ቡና እንኳ አብረን መጠጣት ትተናል። አለቃችን ለሰኞ ወስኑ ብሎናል። ማነው ልክ? እኔ እምቢ ካልኩስ እሱ በምን ይስራ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ስለሆንኩ ጥያቄሽን ሳነብ የሰፈር ሰው ጸብ እንዳየ ሰው ነው የሆንኩት። ዳኝነቱን ልስጥሽና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን፦ ፓብሊኩን አትጻፊለት፣ ግን ልጁን ባዶ እጁን አትመልሺው፣ ምክንያቱም የጠየቀሽ ነገር ትክክለኛ ነገር ነው፣ የተሳሳተው መንገዱ ብቻ ነው። ቱልኪት ከውጭ ሊፈተሽ ካልቻለ ጉድለቱ የቱልኪቱ ነው፣ የቴስተሩ አይደለም። የገበሬ ገንዘብ የሚመዘገብበት ካላንደር ጳጉሜ ላይ በማሽን ሳይፈተሽ መቆየቱ ደሞ ከሁለታችሁ ጸብ በላይ ነው እኔን ያስደነገጠኝ።

አሁን ስለ ፓብሊክ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ ኮዱ በሙሉ እጅሽ ላይ እያለ፣ ፓብሊክ ማለት ብዙም ነገር አይደለም፣ ነገ ስህተት መሆኑን ካየሽ ማን እንደሚጠቀምበት ፈልገሽ ታስተካክይውና አለቀ። ቱልኪት ላይ ግን ሌላ ነው። ይርጋለም ያሉት ልጆች ኮድ አንቺ ጋ የለም። ፓብሊክ ያልሽው ክላስ ለነሱ "ግቡ ተጠቀሙ፣ አልቀይረውም" የሚል ቃል ነው፣ አንቺ ለቴስት ነው ያልኩት ብትይም እነሱ የሚያዩት ፓብሊክ የሚለውን ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ድሮ እሰራበት የነበረ ቤት ውስጥ የራሳችን የሰንጠረዥ መሳሪያ ነበረን፣ የረድፉ ክላስ የውስጥ ነበር፣ ቴስተራችን ለምኖኝ ከፈትኩለት፣ ያኔ እኔም አንድ ቃል ናት ነው ያልኩት። ከዛ ሌላ ቅርንጫፍ ያለ ፕሮግራመር ሪፖርት ማተሚያ ሲጽፍ ያቺን ረድፍ አገኛት፣ ዳታውን ከዳታቤዝ ከማምጣት ስክሪኑ ላይ ካሉት ረድፎች ላይ እየለቀመ ማተም ቀለለው፣ ሰራለትም። ከወራት በኋላ እኛ ሰንጠረዡ ሲከብድ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ረድፎች ብቻ እንዲፈጥርና ሲሸበለል እነዛኑ ረድፎች መልሶ መልሶ እንዲጠቀም አድርገን አሻሻልነው፣ ፍጥነቱ ደስ አሰኘን፣ ቴስቱም በሙሉ አረንጓዴ። የክፍያ ዝርዝሩ ታትሞ ሲወጣ ግን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ውስጥ ስክሪን ላይ የታየው ሠላሳ ምናምን ሰው ብቻ ነው ያለው። ገንዘብ ሊቀበል ተሰልፎ ስሙ የጠፋበት ሰው ፊት ቆሜ አይቻለሁ። ልጁን ልወቅሰው አልቻልኩም፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ሲገባ ደሞ ማንም ይሄ ጓዳ ነው አላለውም።

ስለዚ የአንቺን እምቢታ እረዳዋለሁ። ግን ጃቫኤፍኤክስን የሰሩት ሰዎች ራሳቸው እዚህ ጥያቄ ላይ ወድቀው እንደነበር ታውቂ እንደሆነ አላውቅም፣ መልሳቸው ስለሚጠቅመን ልንገርሽ። በጃቫ 8 ጊዜ የቁልፉን የሳጥኑን የሰንጠረዡን መልክ የሚስሉት ስኪን የሚባሉት ክላሶች በኮም ነጥብ ሰን በሚጀምር ፓኬጅ ውስጥ የውስጥ ዕቃ ሆነው ነበር የተቀመጡት፣ ሰው ግን የራሱን ኮንትሮል ለመስራት ስለሚያስፈልገው ዝም ብሎ ይወርሳቸው ነበር። ጃቫ 9 እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ሞጁል (ኮድን በአጥር የሚከፋፍል ዘዴ) ይዞ ሲመጣ የውስጡ ፓኬጅ ሊዘጋ ሆነ፣ ያ ሁሉ ኮድ ሊሰበር። ያኔ ጄኢፒ 253 በሚባለው ሥራ ስኪኖቹን ወደ ሕጋዊ ፓኬጅ አወጧቸው፣ ግን እንዳሉ ገልብጠው አይደለም፣ መጀመሪያ አጸዷቸው፣ ለሰው የማያስፈልገውን ሜተድ ደበቁ፣ ከስኪኑ ጎን ያሉትን ቢሄቪየር የሚባሉትን፣ ለማውዝና ለኪቦርድ ምላሽ የሚሰጡትን ክላሶች ደሞ እዛው ጓዳ ተዋቸው። ከፈቱ፣ ግን መርጠው ነው የከፈቱት።

ሁለተኛው ምሳሌ የአንቺን ቴስተር በቀጥታ ይመለከተዋል። ማውዝና ኪቦርድ መስሎ የሚጫን ሮቦት የሚባል ክላስ አለ፣ ለድሮው የጃቫ መስኮት መሥሪያ ለኤደብሊውቲ ከጃቫ 1.3 ጀምሮ በይፋ ነበር፣ ለጃቫኤፍኤክስ ግን የውስጥ ብቻ ነበር፣ የቴስት መሳሪያ የሚሰሩ ሰዎች እየሾለኩ ነበር የሚጠቀሙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃቫኤፍኤክስ 11 ላይ መልስ ሲሰጣቸው የውስጡ ሮቦት ላይ ፓብሊክ ብለው አልለጠፉም፣ ሮቦት የሚል አዲስ ንጹህ ክላስ በይፋዊ ፓኬጅ ጻፉና ከኋላ የውስጡን እንዲጠራ አደረጉት። ጥያቄው የቴስተሮች ነበር፣ መልስ አገኘ፣ ጓዳውም አልተነካም። አንቺም ማድረግ ያለብሽ ይሄንኑ ነው፣ በትንሹ።

ወደናንተ ቤት እንምጣ። መጀመሪያ ልጁ ለምንድነው ክላሱን የፈለገው? ጳጉሜ 6ን ለመጫን። ለመጫን ደሞ የሚያስፈልገው ኖድ (ስክሪኑ ላይ ያለ ማንኛውም ዕቃ) ነው፣ ኖድ ድሮም ፓብሊክ ነው፣ ሴልሽ ከኖድ የወረሰች ናት። ችግሩ የትኛዋ ኖድ እንደሆነች ማወቂያ ስለሌለው ነው። እያንዳንዷ ሴል ላይ አይዲ (መለያ ስም) አድርጊላት፣ ቀን የሚል ቃል በላቲን ይቅደምና ዓመት ወር ቀኑ ይከተል፣ 2015 ከዛ 13 ከዛ 6 በሰረዝ ተለያይተው፤ በፊደል ይጀምር፣ በቁጥር የሚጀምር ስም ዕቃን በስሙ ለሚፈልገው ለሲኤስኤስ ሴሌክተር አይሆንም። አንድ ስክሪን ላይ ሁለት ቀን መምረጫ ካለ ደሞ የመምረጫው ስም ከፊት ይግባበት፣ አለዚያ የመረከቢያ ቀን ብሎ የክፍያ ቀንን ይጫነዋል። ብቅ የሚለው መስኮት የራሱ ሲን (የዕቃዎች መድረክ) ያለው ሌላ መስኮት ስለሆነ ከዋናው ሲን ተነስቶ ቢፈልግ አያገኛትም፣ ቴስትኤፍኤክስ የሚባለው የጃቫኤፍኤክስ መፈተሻ መሳሪያ ግን ክፍት መስኮቶችን በሙሉ ይፈልግለታል። ሴሏ ዝግ ናት ወይ፣ ትታያለች ወይ የሚለውንም ኖድ ራሱ ይመልሳል፣ የተመረጠውን ቀን ደሞ ከሴሏ አይጠይቅ፣ ከቀን መምረጫው ከራሱ ይጠይቅ፣ እሱ ለተጠቃሚ የሰጣችሁት በር ነው። ይሄን አድርጋችሁ ከ14ቱ ክላስ ስንቱ እንደሚቀረው ቁጠሩ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ወይ ሦስት ነው።

በጽሑፉ ይፈልጋት የሚል ሰው ይመጣል፣ እንዳትሰሙት። ምክንያቱ የኛው ፊደል ነው። ሰርዝ የሚለውን ቁልፍ አንዱ ሠርዝ ብሎ ያርመዋል፣ ለሰው ምንም አልተለወጠም ለማሽን ግን ሌላ ፊደል ነው፣ ቴስቱ ወደቀ። የከተማችንን ስም ራሱ ሀዋሳም ሐዋሳም አዋሳም እያልን ነው የምንጽፈው፣ አንድ ቅጽ ውስጥ ሦስቱንም አይቻለሁ! ከዛ ደሞ ነገ ፕሮግራማችሁ በሲዳምኛ ይውጣ ቢባል፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ መባሉ አይቀርም፣ በላቲን ነው የሚጻፈው፣ ያኔ በጽሑፍ የተሰራ ቴስት አንድም አይተርፍም። አይዲው ግን ባለበት ይቆያል። በፒክስል መጫኑማ አንቺው ብለሽዋል፣ ኒያላ ፎንት ያለው ማሽንና ኖቶ ያለው ማሽን ላይ የግዕዝ ፊደል ስፋቱ አንድ ስላልሆነ ሴሎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ።

አይዲ ስትሰጪ ጎን ለጎን የአክሰሲቢሊቲ ጽሑፉንም ሙዪላት፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለምንሽ። ከጃቫኤፍኤክስ 8 ማሻሻያ 40 ጀምሮ ኖድ ሁሉ ለስክሪን አንባቢ የሚነገር ጽሑፍ መቀበል ይችላል። ሴሏ ላይ የሚታየው 6 የምትል ቁጥር ብቻ ናት፣ የሚያይ ሰው ከላይ ጳጉሜ የሚለውን አንብቦ ያገናኘዋል፣ የማያይ ሰው ግን ስድስት የሚል ድምፅ ብቻ ሰምቶ ምን ያድርግ? ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የሚል ይነገረው። ያኔ ቴስቱ በዛው ጽሑፍ ሴሏ ትክክለኛውን ቀን መያዟን ያረጋግጣል፣ ዓይነ ስውር የሂሳብ ሠራተኛም ፕሮግራማችሁን መጠቀም ይችላል። ለቴስተር የተከፈተ በር ለሰውም ሲሆን እንደዛ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

የቱልኪቱ የራሱ ቴስት ከሆነ፣ ማለትም አንቺው የሴሏን ውስጥ ስሌት የምትፈትሺበት፣ እሱ ይቅለል፣ የቴስቱን ፋይል በቴስት ፎልደር ስር በዛው የፓኬጅ ስም አስቀምጪው፣ ፓኬጅ ፕራይቬት የሆነው በሙሉ ይታየዋል፣ ጃሩ ውስጥ ደሞ አብሮ አይሄድም። ሞጁል ከሆናችሁ ቴስቱን ሞጁሉ ላይ የሚለጥፍ ፓች ሞጁል የሚባል አማራጭ አለ።

ለነዛ ለቀሩት ሁለት ሦስት ክላሶች ግን የምመክርሽ ለቴስት ብቻ የሆነች ሌላ ትንሽ ጃር ነው። ውስጧ አንድ ክላስ፣ ካላንደሩን ክፈት፣ ይሄን ዓመት ይሄን ወር ይሄን ቀን ምረጥ፣ አሁን የሚታየው ወር ማነው፣ በቃ ይሄን ያህል። ሴሏን አትመልስም፣ ሥራውን ሠርታ መልሱን ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ስለዚ ነገ ሴሎቹን በሌላ ብትቀይሪያቸው ያቺን አንድ ክላስ አስተካክለሽ ሦስቱም ፕሮግራም ላይ ያለው ቴስት እንዳለ ይቀጥላል። የሞጁል ፋይል ካላችሁ ደሞ ኤክስፖርት ስትጽፊ ለማን እንደሆነ ስም መጥራት ትችያለሽ፣ ኤክስፖርት የሚያሳየው ፓብሊክ የሆነውን ብቻ ስለሆነ እነዛን ሁለት ሦስት ክላሶች በአንድ የውስጥ ፓኬጅ ለብቻቸው አስቀምጠሽ እዛ ፓብሊክ ታደርጊያቸውና ፓኬጁን ለቴስት ሞጁሉ ብቻ ትከፍቺለታለሽ፣ የይርጋለም ልጆች ሞጁል ሊነካው ቢል ኮምፓይለሩ አይፈቅድለትም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ይሄ የሚሰራው ቱልኪቱ በሞጁል ፓዝ ሲሄድ ነው፣ እንደ ድሮው በክላስ ፓዝ ከሆነ የሞጁሉ አጥር የለም።

ከ14ቱ አንዷ ግን በእውነት ፓብሊክ መሆን ሊገባት ይችላል። ይርጋለም ደውይና ጠይቂያቸው፣ በዓል የሆነውን ቀን ቀይ ማድረግ ወይ ገበያ ያለበትን ቀን መለየት ፈልገው ያውቃሉ? አዎ ካሉሽ የቀን ሴሏ የተጠቃሚም ጉዳይ ናት ማለት ነው። የጃቫኤፍኤክስ የራሱ ቀን መምረጫ ላይም ዴት ሴል ፓብሊክ ናት፣ ሰው የራሱን ሴል የሚያስገባበት መንገድም ተሰጥቶታል። እንደዛ ከሆነ ግን ለቴስት ብለሽ ሳይሆን ለነሱ ብለሽ ክፈቻት፣ ከመክፈትሽ በፊት ስሟን አስተካክይ፣ ለውጭ የማያስፈልገውን ሜተድ ዝጊ፣ ማብራሪያ ጻፊላት፣ ከዛ በኋላ ዕድሜ ልክሽን እንደምትንከባከቢያት አስበሽ።

ለልጁ ደሞ ይሄን ስጪልኝ፣ ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈትሻቸው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 አለው፣ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። 2016 ላይ ጳጉሜ 6 የምትባል ሴል መኖር የለባትም፣ ከጳጉሜ 5 ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2017፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ስድስተኛዋ ቀን አለች፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ሌላው ሰው የማያስታውሰው፣ ሳምንቱን ከሰኞ ካስጀመራችሁ 30 ቀን ያለው ወር እሁድ ከገባ ስድስት ረድፍ ነው የሚፈልገው፣ በሌላ ቀን ከገባ አምስት ይበቃዋል። ከነሐሴ ወደ ጳጉሜ ሲገለበጥ ደሞ የተረፉት ሴሎች የድሮ ቀናቸውን ይዘው ተደብቀው እንዳይቀሩ፤ አይዲያቸው ካልተቀየረ ቴስቱ የተደበቀችውን የነሐሴ ሴል አግኝቶ አለች ሊል ይችላል፣ ስለዚ መኖሯን ብቻ ሳይሆን መታየቷንም ይጠይቅ።

ሰኞ ስብሰባው ላይ ሁለታችሁ አብራችሁ ግቡ። ከዛ በፊት ግን ነገ ጠዋት አንቺ ቡናውን ጋብዢው፣ እምቢ ስትይ አማራጭ ስላልሰጠሽው ነው የተናደደው።

ጥያቄ፦ ወንድም እንዴት ነህ፣ አዳማ ነኝ። እኛ የምንሰራው በሲሻርፕ ቋንቋና በደብሊውፒኤፍ (የዊንዶውስ ስክሪን መሥሪያ) ነው፣ ክላሶቻችን ኢንተርናል (ከራሳቸው ፕሮጀክት ውጭ የማይታዩ) ናቸው፣ ቴስት ፕሮጀክቱ ስለማያያቸው አንዱ ጓደኛዬ ሁሉንም ፓብሊክ አርጎ ቪዚብል ፎር ቴስቲንግ የምትል ምልክት ለጥፍባቸው አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ያቺ ምልክት ለሰው የተጻፈች ማስታወሻ ናት፣ አንድሮይድ ላይ እንኳ ሊንት የሚባለው መርማሪ ካልሮጠ ኮምፓይለሩ ብቻውን ማንንም አያስቆምም። እናንተ ደሞ ከሷ የተሻለ አላችሁ፣ ኢንተርናልስ ቪዚብል ቱ የምትባለዋን አትሪቢዩት አንድ ቦታ ጽፈህ የቴስት ፕሮጀክቱን ስም ብትሰጣት ለሱ ብቻ ኢንተርናሉ ይታየዋል፣ ለሌላው እንደተዘጋ ነው። አሴምብሊው (ያለቀለት የፕሮግራም ፋይል) በስትሮንግ ኔም የተፈረመ ከሆነ የቴስቱም መፈረም አለበት፣ ፓብሊክ ኪውንም ሙሉውን መጻፍ አለብህ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቀኑን የሚያጠፋው።

ያ ግን ለውስጥ ቴስት ነው። ስክሪኑን ከውጭ የምትፈትሽ ከሆነ ክላሱን ማየት ጭራሽ አያስፈልግህም፣ ደብሊውፒኤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ጀምሮ ዩአይ አውቶሜሽን አብሮት አለ፣ ኮንትሮሉ ላይ አውቶሜሽን አይዲ ስጠው፣ የራሳችሁ ኮንትሮል ከሆነ ደሞ አውቶሜሽን ፒር የሚባለውን ክላስ ወርሳችሁ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ፣ ስሙን፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ንገሩት። ያው ለሐዋሳዋ እህት ያልኳት ነው፣ ስክሪን አንባቢውም በዛው በር ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ የሐዋሳ ተማሪ ነኝ። ቴስተሩ ለምን በሪፍሌክሽን (ክላስን በስሙ ፈልጎ የተዘጋውንም በሚነካው መንገድ) ሰብሮ አይገባም? የተዘጋውን የምትከፍተዋን "ሴትአክሰሲብል ትሩ" የምትል ትዕዛዝ ጽፎ መጨረስ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ በራስህ ኮድ ላይ በክላስ ፓዝ ይሰራል። የጃቫን የራሱን የውስጥ ክፍል ለመንካት ግን ከጃቫ 9 ጀምሮ ያስጠነቅቅህ ነበር፣ 16 ላይ በማለፊያ አማራጭ ካልከፈትከው በቀር ዘጋው፣ 17 ላይ ደሞ ያቺን የድሮ ማለፊያ አማራጭ ራሷን ከጥቅም ውጪ አደረጋት። የግድ ከሆነብህ ቴስቱ ሲሮጥ ብቻ አድ ኦፕንስ ወይ አድ ኤክስፖርትስ የሚሉትን አማራጮች ለጃቫ ስጠው፣ የሚለቀቀው ፕሮግራም ላይ ሳታስገባ፣ ለማትቆጣጠረው የሰው ቱልኪት ይሄ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ለራስህ ቱልኪት ግን ሪፍሌክሽን የክላሱን ስም በጽሑፍ ስለሚይዝ አንድ ቀን ስሙን ስትቀይር ኮምፓይለሩ ምንም አይልህም፣ የምታውቀው ቴስቱ ሲሮጥ ነው፣ ያኔም የሚልህ ክላሱ አልተገኘም ብቻ ነው፣ የት ቦታ ምን እንደነካህ ራስህ ትፈልጋለህ።